የአጥቢያን ታሪክ በእግዚአብሔር ታምኖ መጻፍ፦ ለታሪክ ኮሚቴዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

የአጥቢያው ሃምሳኛ ዓመት ሲቃረብ ሽማግሌዎች ሦስት ወይም አራት ሰዎችን መርጠው «ታሪካችንን ጻፉልን» ይላሉ። የተመረጡት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የታሪክ ትምህርት የሌላቸው፣ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናቸውን የሚወዱ አስተማሪዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች ወይም ጡረተኞች ናቸው። እኔም ከእነዚህ አንዱ ሆኜ በአንድ የወንጌላውያን አጥቢያ የታሪክ ኮሚቴ ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ስላገለገልሁ፣ ከዚህ በታች የማቀርበው ከሥራው የተማርሁትን ነው። የምጽፈው በተለይ በደርግ ዘመን ጸሎት ቤታቸው ተዘግቶ በየቤቱ ተሸሽገው ያመለኩ አጥቢያዎችን በማሰብ ነው፤ በጣም ሊጠፋ የተቃረበው ታሪክ የእነርሱ ነውና።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ዋናው ፈተናው የመረጃ እጥረት ብቻ ሳይሆን፣ ታሪኩ የእግዚአብሔርን ክብር እንዲያሳይ ብሎ ማሳመር ነው። ቁጥሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ጠቡን መዝለል፣ ያልታወቀውን ቀን በግምት መሙላት ሁሉ በመልካም አሳብ ይጀመራል። ኢዮብ ግን ወዳጆቹን፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ሐሰት ትናገራላችሁን ብሎ ወቅሷቸዋል (ኢዮብ 13፥7)። በዚህ ሥራ በእግዚአብሔር መታመን ማለት፣ እርሱ በእውነት የሠራው በቂ እንደ ሆነ አምኖ ምንም አለመጨመር ነው። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ይህ እምነት በእጅ ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ነው።

ከመጀመር በፊት፦ ጸሎትና የጽሑፍ ውሳኔ

ሥራውን በጸሎት ጀምሩ፤ ጸሎቱ ግን የመክፈቻ ሥርዓት ብቻ አይሁን። የምታነጋግሯቸውን ሰዎች ስም በወረቀት ላይ አስፍራችሁ በየስማቸው ጸልዩላቸው፤ በተለይ ተቀይመው ከአጥቢያው የወጡትን አትርሱ። ለሰው በስሙ የጸለየ ጸሐፊ፣ የዚያን ሰው ቃል ቆርጦና አጣምሞ ለመጻፍ እጁ አይታዘዝለትም።

ከዚያ የሽማግሌዎች ጉባኤ በቃለ ጉባኤ የሰፈረ ውሳኔ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ውሳኔው ታሪኩ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት እንደሚደርስ፣ ረቂቁን እነማን እንደሚያነቡ፣ እንዲሁም አንባቢዎቹ ሊያርሙት የሚችሉትና የማይችሉት ምን እንደ ሆነ ይግለጽ። የመጨረሻውን ነጥብ ብዙ ኮሚቴዎች ይዘሉታል። እኛም ዘልለነው ስለ ነበር፣ ረቂቁ ካለቀ በኋላ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይውጣ አይውጣ በሚል ክርክር ወራት አለፉብን። «የስሕተት እርማት ይቀበላል፤ የተረጋገጠ ነገር ግን ደስ ስላላሰኘ አይሰረዝም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ቢጻፍ ኖሮ ብዙ ቅያሜ በዳነ ነበር።

በኮሚቴው ውስጥ አንድ ጽሕፈት የሚችል፣ አንድ ስልክና ኮምፒውተር በደንብ የሚጠቀም ወጣት፣ ቢያንስ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት፣ እንዲሁም የአካባቢውን ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻ የሚናገር ሰው ይኑሩ። «መንፈስ ቅዱስ ይመራናል፤ ይህን ያህል ምርምር ምን ያስፈልጋል?» የሚል ሰው ቢነሣ፣ ሉቃስ በወንጌሉ መግቢያ ላይ ሁሉን ከመጀመሪያው ጀምሮ በጥንቃቄ እንደ ተከተለ መጻፉን አስታውሱት። የመንፈስ ቅዱስ ምሪት ሉቃስን ከመጠየቅ አላሳረፈውም።

ወረቀት ፍለጋ

የመጀመሪያው ቦታ የቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ነው፤ የመጨረሻው ግን አይደለም። ቃለ ጉባኤ፣ የጥምቀትና የአባላት መዝገብ፣ የመባና የአሥራት ደረሰኝ፣ ከቀበሌና ከወረዳ ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤ፣ የይዞታ ካርታ በዚያ ሊገኙ ይችላሉ። ከዚያ ወደ ምእመናን ቤት ሂዱ። በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የሠርግ ፎቶግራፍ ጀርባው ላይ ቀን ተጽፎበት ይገኛል፤ የመዘምራን ደብተር መዝሙሩ መቼ እንደ ተዘመረ በጎኑ ያሳያል፤ አሮጌ ካሴት የአንድ ዘመን ስብከት ይዞ ተቀምጧል። የሞቱ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያና የመጨረሻ ባዶ ገጾችን ሳታዩ አትለፉ፤ ልደት፣ ጥምቀትና ሞት የሚጻፈው በዚያ ነው። በሚስዮን ለተጀመሩ አጥቢያዎች ደግሞ፣ ሚስዮናውያኑ ወደ አገራቸው የላኩት ሪፖርት በላኪው ድርጅት መዝገብ ቤት ሊገኝ ስለሚችል ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅ አይከብድም።

ሰነድ ስትዋሱ የአዋሹን ስም፣ ቀኑንና የሰነዱን ዓይነት በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ ከተቻለ ደግሞ እዚያው ቤት በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ዋናውን አትውሰዱ። በፎቶው ስም ላይ ከማን ቤት እንደ ተገኘ ወዲያውኑ አስፍሩ።

በስደቱ ዘመን የነበሩ አጥቢያዎች ግን ብዙ ጊዜ ወረቀት የላቸውም። ስም የሰፈረበት መዝገብ ሰውን ለእስር ሊዳርግ ይችል ስለ ነበር፣ አንዳንዱ ተቃጥሏል፣ አንዳንዱ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀብሯል፣ አንዳንዱም ከመጀመሪያው እንዳይጻፍ ተደርጓል። ይህን ስታገኙ ተስፋ አትቁረጡ። ንጉሥ ኢዮአቄም የኤርምያስን ጥቅልል በቢላዋ እየቀደደ በእሳት ባቃጠለው ጊዜ፣ ባሮክ ከኤርምያስ አፍ እየሰማ እንደ ገና ጽፎታል (ኤርምያስ 36)። የተቃጠለ መዝገብ ያለው አጥቢያ የሚቀረው መንገድ ይኸው ነው፦ ከሚያስታውሱት አፍ መስማት። መዝገቡ የተቃጠለ መሆኑ ራሱ የታሪኩ ክፍል ስለ ሆነ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳቃጠለው ጠይቃችሁ ጻፉ።

አረጋውያንን መስማት

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው፤ ሊዘገይ የማይገባውም ይኸው ነው። በመጀመሪያ በዕድሜ የገፉትንና የታመሙትን አነጋግሩ፤ የኮሚቴው አደረጃጀት እስኪያልቅ አትጠብቁ። እኛ «የሚቀጥለው ወር እንመጣለን» ብለን ቀጠሮ የሰጠናቸው አንድ አባት ቀጠሮው ሳይደርስ ዐረፉ፤ እርሳቸው ብቻ የሚያውቁት ነገርም አብሯቸው ሄደ። ይህን እስከ ዛሬ በሐዘን አስበዋለሁ።

ሲሄዱ ሁለት ሰዎች ይሂዱ፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ቅጂውን ይከታተልና ስምና ቦታ ይመዝግብ። ስልኩን በረራ ላይ እንደሚደረገው ከመስመር አውጡት፤ በመካከል የሚጠራ ስልክ የሰውን ትዝታ ይቆርጣል። ቅጂው ሲጀምር የቀኑን ዕለት፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ሙሉ ስም በድምፅ ተናገሩ፤ ለመቅዳትና ለማተም ፈቃዳቸውንም እዚያው ጠይቃችሁ መልሳቸው ይቀዳ። ቡና ከቀረበ ሳትቸኩሉ ጠጡ፤ ከመጀመሪያው ስኒ በፊት የሚነገረው ሁሉ የወግ ሰላምታ ነው።

አጠያየቁ ወሳኝ ነው። «እማማ፣ በዚያ ዘመን ብዙ ስደት ነበረ አይደል?» ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ መስጠት ነው። ይልቁን «እማማ፣ ጸሎት ቤቱ የተዘጋ ዕለት እርስዎ የት ነበሩ? ማን ነገረዎት? በሚቀጥለው እሑድ ምን አደረጋችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ነገሮች ጠይቁ፦ ወንበሩ፣ ከበሮው፣ መጽሐፍ ቅዱሱ የት ተደበቀ? ሌሊት ለጸሎት ስትሰበሰቡ ጫማችሁን የት ታስቀምጡ ነበር? መዝሙር በምን ያህል ድምፅ ትዘምሩ ነበር? በር ላይ የሚቆየው ማን ነበር? ሰው ስለ «ዘመኑ» ሲጠየቅ የሰማውን ይደግማል፤ ስለ ጫማው ሲጠየቅ ግን ያየውን ይናገራል።

የእናቶችን ምስክርነት ለብቻ ፈልጉ። ቃለ ጉባኤ የሚፈርሙት ሽማግሌዎች ወንዶች ስለ ነበሩ፣ በወረቀት ላይ ብቻ የተመሠረተ ታሪክ የወንዶች ታሪክ ሆኖ ይቀራል። በስደቱ ዘመን ግን ቤቱን የከፈተችው፣ ጎረቤት እንዳይጠረጥር የልቅሶ ወይም የማኅበር ድግስ አስመስላ ያሰናዳችው፣ ለታሰሩት ስንቅ የምታመላልሰው እናት ነበረች። ባሎቻቸው ባሉበት ሲጠየቁ ብዙዎቹ «እሱ ያውቃል» ብለው ዝም ስለሚሉ፣ አንዲት የኮሚቴ አባል ለብቻቸው ብታነጋግራቸው ይመረጣል። የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ወላይትኛ፣ ሲዳምኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሌላ ከሆነ በዚያው ቋንቋ ይናገሩ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል።

የሚያለቅስ ሰው ሲገጥማችሁ ቅጂውን አቁማችሁ ዝም በሉ፤ መቀጠል ይፈልጉ እንደ ሆነ ጠይቁ። ጠቁሞ ያሳሰራቸውን ሰው ስም ቢናገሩ፣ ስሙ በቅጂው ላይ ይቆይ እንጂ በመጽሐፉ ላይ አይውጣ። የዚያ ሰው ልጆች ምናልባት ዛሬ በዚያው አጥቢያ ያመልካሉ፤ ፍርዱም የኮሚቴው ሥራ አይደለም።

ዘመንን ማስተካከል

አረጋውያን ብዙ ጊዜ ዓመት አይናገሩም፤ «መሬት ለአራሹ የታወጀ ጊዜ» ወይም «በድርቁ ዓመት» ይላሉ። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ለእናንተ መልካም መልሕቅ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለ ወጣ፣ «ከአዋጁ በኋላ በመጀመሪያው መኸር» የሚል ቃል ጊዜውን በጣም ያጠብላችኋል። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ የ1966ቱ አብዮት፣ የ1977ቱ ድርቅ፣ የደርግ መውደቅ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ ከእነዚህም ጋር የአካባቢው የራሱ ክስተቶች፣ ማለት ድልድይ የተሠራበት ወይም ትምህርት ቤት የተከፈተበት ዓመት፣ በአንድ ገጽ ተዘርዝረው በቃለ መጠይቅ ጊዜ በእጃችሁ ይኑሩ።

የሚስዮናውያን ሰነድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ስለ ሆነ በጥንቃቄ መልሱት። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ለምሳሌ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በብሔራዊ ቤተ ክርስቲያንነት የተመሠረተችው በአውሮፓውያን ጃንዋሪ 21 ቀን 1959 ስለ ሆነ በእኛ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ይሆናል፤ 7 ብቻ የቀነሰ ጸሐፊ 1952 ብሎ ይጽፍና ስሕተቱ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይሸጋገራል። ምንጩ የሚለውን ቀን በማስታወሻችሁ ላይ እንዳለ አቆዩ፤ የመለሳችሁትን ከጎኑ አድርጉ። ሁለት ምስክሮች ሁለት ዓመት ቢናገሩና መወሰን ባይቻል፣ ሁለቱንም ጻፉ።

ቁጥርና ተአምር

በዚህ ደረጃ እምነታችን ይፈተናል። ሁላችንም የምንወዳቸው ታላላቅ ቁጥሮች አሉ። ሚስዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ በጣሊያን ሲባረሩ የተጠመቁት አማኞች 48 እንደ ነበሩ፣ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ከ10,000 በላይ ሆነው እንዳገኟቸው ይተረካል። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም በጥር 1974 ዓ.ም. በደርግ ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላቷ፣ በ1983 ነጻነት ሲመጣ 34,000 ገደማ ሆነው ተገኝተዋል። በወላይታው ምሳሌ የመጀመሪያው ቁጥር በስም ሊቆጠር የሚችል ሲሆን ሁለተኛው ግምት መሆኑን ልብ በሉ። እግዚአብሔር ያደረገው ታላቅነት በግምቱ ላይ አልተመሠረተም፤ «በግምት» ብሎ መጻፍም አያሳንሰውም። እናንተም በአጥቢያችሁ ታሪክ ከመዝገብ የተቆጠረውን፣ በሽማግሌ የተገመተውንና በወሬ የተነገረውን በግልጽ ለዩ። «በመጀመሪያው እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ነበር» ከተባለ፣ አዳራሹ ስንት አግዳሚ እንደሚይዝ ጠይቃችሁ ይህንኑ ጻፉ፤ በራሳችሁ ስሌት «500 ሰዎች» አትበሉ።

ስለ ፈውስና ስለ ተአምር ምስክርነት ስትጽፉ ሦስት ነገር ለዩ፦ የሆነበት ሰው ራሱ የተናገረውን፣ በዓይኑ ያየ ሌላ ሰው የተናገረውን፣ ከሰው የሰማ የተናገረውን። የመጀመሪያውን በራሱ አነጋገር፣ በጥቅስ ምልክት አድርጋችሁ አቅርቡ። ሦስተኛው ብቻ ካላችሁ «በአጥቢያው ሲነገር የቆየ» ብላችሁ አቅርቡት ወይም ተዉት። ይህን ስናደርግ አንድ ወንድም «እምነት አነሳችሁ» ብሎን ነበር። እኔ ግን ተቃራኒውን አምናለሁ፤ እግዚአብሔር በእውነት እንደ ፈወሰ የሚያምን ሰው የምስክሩን ቃል ማጋነን አያስፈልገውም። ከዓመታት በኋላ አንድ የልጅ ልጅ አንድ የተጋነነ ነገር ቢያገኝ፣ እውነተኞቹን ሁሉ አብሮ መጠራጠር ይጀምራል።

መለያየትና በደል

ከሃምሳ ዓመት ታሪክ ውስጥ ጠብ የሌለበት አጥቢያ አላየሁም። ስለ አምልኮ ሥርዓት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሹመት ወይም ስለ ቋንቋ የተነሣ ክርክር አጥቢያውን ለሁለት ከፍሎት ከሆነ ዝም ብላችሁ ማለፍ አትችሉም፤ የሁለተኛው አጥቢያ ልጆች «እኛ ከየት መጣን?» ሲሉ መልሱ ከእናንተ መጽሐፍ ይጠበቃል። የሐዋርያት ሥራ ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት እስኪለያዩ ድረስ መከራከራቸውን አልሸሸገም (ሐዋ. 15፥39)፤ ዘማሪው ዳዊትም ኃጢአቱ ሳይደበቅ ተጽፏል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የሁለቱንም ወገን ሰዎች፣ ወጥተው የሄዱትንም ጭምር፣ አነጋግሩ። ክርክሩ ስለ ምን እንደ ነበር እያንዳንዱ ወገን ራሱ ትክክል ነው ብሎ በሚቀበለው አገላለጽ ጻፉ፤ ረቂቁን ለሁለቱም አሳዩና «እዚህ ላይ አንተ ያልኸው በትክክል ተጽፏልን?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰውን ሳይሆን ድርጊትን ግለጹ፤ «ትዕቢተኛ ነበር» ከማለት «ጉባኤው ሳይወስን ቁልፉን ወሰደ» ማለት ይሻላል፤ ይህም በሰነድ ወይም ከአንድ በላይ በሆነ ምስክር ከተረጋገጠ ብቻ። የምክርና የንስሓ ጉዳይ በምስጢር የተነገረ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይጻፍ፤ የታሪክ ኮሚቴ የኑዛዜን ምስጢር የመክፈት ሥልጣን የለውም። ዕርቅ ከተደረገ በየት ቦታ፣ በማን አስታራቂነት፣ በምን ቃል እንደ ተፈጸመ በዝርዝር ጻፉ፤ ከጠቡ ይልቅ ይህ ገጽ ሰፋ ይበል።

ያልታወቀውን ባዶ መተው

የሚጠፋ ነገር ይኖራል፦ መቼ እንደ ሞተ የማይታወቅ ወንጌላዊ፣ ለምን እንደ ተዘጋ ማንም የማያስታውሰው የጸሎት ቤት፣ በሌሊት ተወስዶ ያልተመለሰ ወጣት። «አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ይከብዳል፤ ነገር ግን ለሚቀጥለው ጸሐፊ በር የሚከፍተው ይኸው ቃል ነው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጠልፈው ከተወሰዱ በኋላ ፍጻሜያቸው ለዓመታት ተሸሽጎ ቆይቶ፣ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነበር። በእነዚያ ዓመታት የጻፈ ሰው ባዶ ቦታ ከመተው በቀር ሌላ አልነበረውም። የእናንተም ባዶ ቦታ እንዲሁ ይሁን፤ ምን እንደ ፈለጋችሁ፣ ማንን እንደ ጠየቃችሁና የት ላይ እንደ ቆማችሁ በአንድ አንቀጽ አስፍሩ።

ማርቀቅ፣ ማስነበብና ማስቀመጥ

ሲረቀቅ በዘመን ቅደም ተከተል ሂዱ፤ በየምዕራፉ መጨረሻ መረጃው ከየትኛው ቃለ መጠይቅ ወይም ሰነድ እንደ ተገኘ በራሳችሁ ቅጂ ላይ አመልክቱ። የእግዚአብሔርን ስም በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መጥራት አያስፈልግም፤ የተጨነቀው ምእመን ራሱ «እግዚአብሔር ረዳን» ሲል በጥቅስ አቅርቡት፣ ከጸሐፊው ስብከት ይልቅ ያ ይጸናል። የሽማግሌዎችና የመጋቢዎች ዝርዝር በአባሪ ይግባ፤ በዋናው ጽሑፍ መካከል ገብቶ አንባቢን አያድክም።

ረቂቁን ከማተም በፊት የተናገሩትን አረጋውያን ሰብስባችሁ በከፍተኛ ድምፅ አንብቡላቸው። ብዙዎቹ ዓይናቸው ደክሟል፣ አንዳንዶቹም ማንበብ አይችሉም፤ ጆሯቸው ግን ስሕተትን ይለያል። እኛ ስናነብ አንዲት እናት «ያ ሌሊት ዝናብ አልነበረም፤ ጨረቃ ነበር፤ የፈራነው ስለምንታይ ነው» ብለው አርመውናል። በአንድ ሰው ቃል ላይ ተመሥርተን ዝናብ ጽፈን ነበርና ሌሎቹን ጠይቀን ጨረቃ መሆኑን አረጋገጥን።

የድምፅ ቅጂዎቹንና የሰነዶቹን ፎቶዎች በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፤ ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች፣ አንዱም ከአጥቢያው ግቢ ውጭ ይቀመጥ። የታተመውን መጽሐፍ ለቤተ እምነቱ ዋና ጽሕፈት ቤትና ለነገረ መለኮት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ስማቸው እንዳይወጣ የጠየቁ ሰዎች ቅጂ ለብቻው ይታሸግ፤ ከምን ያህል ዓመት በኋላና በማን ፈቃድ እንደሚከፈት በወረቀት ተጽፎ፣ በተናጋሪው ወይም በቤተሰቡ ተፈርሞ፣ ከቅጂው ጋር አብሮ ይቀመጥ።